የጀርመንኛ ቅጽልና የእኛ «ን»

ጀርመንኛ የሚማር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያ የቅጽል ቅጥያ ሠንጠረዥ ይሰጠዋል። አራት ረድፍ ወደ ታች፦ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ዳቲቭ (የ«ለ» ዓይነት)፣ ጌኒቲቭ (የ«የ» ዓይነት)። አራት ዓምድ ወደ ጎን፦ ወንዴ፣ ሴቴ፣ ግዑዝ፣ ብዙ ቁጥር። ያውም ሦስት ጊዜ። አንዱ ከስም ፊት ከሚቆመው «ዴር» በኋላ ለሚመጣ ቅጽል፣ አንዱ ከ«አይን» (አንድ) በኋላ ለሚመጣ፣ አንዱ ደግሞ ከፊቱ ምንም ለሌለው። ሲደመር 48 ሳጥን ነው። በሳጥኖቹ ውስጥ የሚገቡት ቅጥያዎች ግን አምስት ብቻ ናቸው፦ ኧ፣ ኧን፣ ኧር፣ ኧስ፣ ኧም።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ የመጡ ልጆችን ቋንቋ አስጠናለሁ። አብዛኞቹ ለነርስነት ሙያ ሥልጠና የመጡ ወይም ሊገቡ የሚሞክሩ ናቸው። ግሱን ይወዱታል። ቃላቱን ይሸመድዳሉ። ሠንጠረዡ ጋ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ይጠቁራል። «ይሄን ተወውና ዝም ብለን እናውራ» የሚል ሁሌም አይጠፋም።

እኔ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። የእኛ ሰው ጀርመንኛን የሚማረው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ነው። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ፣ ምሳሌው በእንግሊዝኛ፣ ዩቲዩቡም በእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛ ግን ይህን መሰል ቅጥያ ከስምና ከቅጽል ላይ ካራገፈ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ የእንግሊዝኛው መምህር የጀርመንኛን ቅጽል የሚያስረዳው ለእሱም ባዕድ እንደሆነ ነገር ነው። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ያንን ባዕድነት አብሮ ይወርሳል። የሚፈልገው ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ውስጥ አለ።

እስቲ እነዚህን አረፍተ ነገሮች ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው።

ቤቱን ሸጥኩ። ትልቁን ቤት ሸጥኩ። ይህንን ትልቅ ቤት ሸጥኩ። የአባቴን ቤት ሸጥኩ።

«ን»ን ተከተሏት። በመጀመሪያው ላይ ስሙ ላይ ናት። ቅጽል ሲመጣ ስሙን ትታ ቅጽሉ ላይ ሄደች፤ «ቤት» ባዶውን ቀረ። «ይህ» ሲመጣ ደግሞ ቅጽሉንም ትታ እሱ ላይ ተቀመጠች፤ «ትልቅ» አረፈ። በመጨረሻው «የአባቴ» ላይ ወጣች። ማንም ይህንን በሠንጠረዥ አላስተማረንም። የሦስት ዓመት ሕፃን ይለዋል። ሕጉ ደግሞ አንድ መስመር ነው፦ የተሳቢነት ምልክቱ አንድ ቦታ ይታይ፣ የሚያሳየውም ከፊት ያለው ይሁን።

የጀርመንኛ የቅጽል ቅጥያም በመሠረቱ ይኸው ነው። ሰልፍ ላይ ከፊት ያለው ባንዲራውን ይይዛል፤ ከኋላው ያለው እጁን ያሳርፋል። በጀርመንኛ ባንዲራ ያዡ አብዛኛውን ጊዜ አርቲክሉ፣ ማለትም ከስም ፊት የሚቆመው እንደ «ዴር» ያለ ቃል ነው። አርቲክል ከሌለ ወይም አርቲክሉ ባዶ እጁን ከመጣ፣ ባንዲራው ወደ ቅጽሉ ያልፋል።

በቡና እንየው። ጀርመኖች ቡናን «ካፌ» ይሉታል፤ መጠጡን ማለት ነው። ወንዴ ፆታ ስለሆነ አርቲክሉ «ዴር» ነው። «ሽታርክ» ማለት ጠንካራ። አርቲክሉ ካለ «ዴር ሽታርከ ካፌ» ይባላል። «ዴር» ውስጥ ያለችው «ር» ሥራውን ጨርሳለች፤ ወንዴ መሆኑንም፣ ባለቤት መሆኑንም ነግራናለች። ስለዚህ ቅጽሉ ቀላሏን «ኧ» ብቻ ይዞ ያልፋል። አሁን አርቲክሉን አንሱት። «ሽታርከር ካፌ» ይሆናል። «ር» የት ሄደች? ቅጽሉ ላይ። ከ«ሚት» (ጋር፣ በ) በኋላ ደግሞ ዳቲቭ ይመጣል፤ አርቲክሉ «ዴም» ነው። «ሚት ዴም ሽታርከን ካፌ» ስንል «ም» አርቲክሉ ላይ ናት። አርቲክሉ ሲነሳ «ሚት ሽታርከም ካፌ»። «ም» ወደ ቅጽሉ ሄደች።

ውሃም ወተትም እንዲሁ ናቸው። ውሃ «ዳስ ቫሰር» ነው። «ዳስ ካልተ ቫሰር»፣ ቀዝቃዛው ውሃ። አርቲክሉን ስናነሳ «ካልተስ ቫሰር»። የ«ዳስ» «ስ» ተላለፈች። ወተት «ዲ ሚልሽ» ናት። በዳቲቭ «ዲ» ወደ «ዴር» ይለወጣል። «ሚት ዴር ካልተን ሚልሽ»፤ አርቲክሉ ሲነሳ «ሚት ካልተር ሚልሽ»። ብዙ ልጆች «ዴር ወንድ አይደለም እንዴ?» ብለው እዚህ ጋ ይደነግጣሉ። በባለቤትነት ቦታ ወንዴ ነው፤ በዳቲቭ ቦታ ሴቴ። ይህቺን ማመን ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አርቲክሉ ምልክቱን ከያዘ ለቅጽሉ የሚቀረው «ኧ» ወይም «ኧን» ነው። ከ16ቱ ቦታ በአምስቱ «ኧ»፣ በ11ዱ «ኧን»። «ኧ» የምትቀመጠው ነጠላ ሆኖ ባለቤት በሆነው በሦስቱም ፆታ፣ እንዲሁም ተሳቢ በሆነው በ«ዲ» እና በ«ዳስ» ላይ ነው። ከዚያ ውጪ «ኧን» በሉና ቀጥሉ።

«አይን» (አንድ) የሚባለው አርቲክል ነው ሰውን የሚያወናብደው። እሱ ብዙ ቦታ ምልክት ይዞ ይመጣል፦ አይነን፣ አይነም፣ አይነር፣ አይነስ። በሦስት ቦታ ግን ባዶውን «አይን» ብሎ ይቆማል። ወንዴው ባለቤት ሲሆን፣ ግዑዙ ባለቤት ሲሆን፣ ግዑዙ ተሳቢ ሲሆን። በነዚህ ሦስት ቦታዎች ቅጽሉ ሸክሙን ይወስዳል፦ «አይን ሽታርከር ካፌ»፣ «አይን ካልተስ ቫሰር»። በሌሎቹ ያው ከ«ዴር» በኋላ እንደነበረው ነው። «ካይን» (ምንም) እና «ማይን» (የእኔ) የሚሉትም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። የ«አይን» ሠንጠረዥ ማለት ይሄው ነው። ሦስት ክፍተት።

ለዚህ «ጠንካራ» እና «ደካማ» የሚለውን ስያሜ የሰጠው ያዕቆብ ግሪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1819 መታተም በጀመረው የጀርመንኛ ሰዋስው መጽሐፉ። ከወንድሙ ጋር ተረት የሰበሰበው ያው ግሪም። የተወለደው እዚህ አጠገባችን ሃናው ከተማ ነው። ምልክቱን የተሸከመው ቅጥያ ጠንካራ፣ ያረፈው ደካማ። ስያሜው ጥሩ ነው። ሆኖም ለጀማሪ ስያሜው ቀድሞ ከተነገረው ሦስት ዓይነት በሽታ ያለ ነው የሚመስለው። ሕጉ ይቅደም፤ ስሙ በኋላ ይምጣ።

ደግሞ ሳናውቀው የምንለው ስንት አለ! አዲስ የመጣ ሰው በመጀመሪያ ሳምንቱ «ጉተን ታግ» ይላል። ታግ፣ ቀን፣ ወንዴ ነው። የተቆረጠው ሙሉ አረፍተ ነገር «መልካም ቀን እመኝልዎታለሁ» የሚል ነው፤ ስለዚህ ቀኑ ተሳቢ ነው። የወንዴ ተሳቢ አርቲክል «ዴን»፤ አርቲክሉ ሲነሳ «ን» ቅጽሉ ላይ፦ ጉተን። ማታ ግን «ጉተ ናኽት» እንላለን፤ ሌሊት ሴቴ ናትና። ዓርብ ከሥራ ስንወጣ «ሾነስ ቮኸንኤንደ»፤ የሳምንት መጨረሻ ግዑዝ ስለሆነ «ስ» አለችው። ሦስቱም ፆታ፣ ሦስቱም በተሳቢነት፣ ሦስቱም ያለ አርቲክል። ከብዙ ቁጥሩ በቀር የሠንጠረዡን አንድ ረድፍ በሰላምታ ብቻ ያዝነው ማለት ነው። ደብዳቤ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «ሚት ፍሮይንትሊሸን ግሩሰን» ደግሞ የብዙ ቁጥር ዳቲቭ ነው። «ግሩሰ» (ሰላምታዎች) በዳቲቭ ጊዜ «ን» ጨምራ «ግሩሰን» ትሆናለች። ይህቺ የብዙ ቁጥር «ን» ስሙ ራሱ ላይ ከሚቀመጡት ጥቂት ምልክቶች አንዷ ናት። ለተማሪዎቼ ከሠንጠረዥ በፊት ሰላምታውን የምፈታላቸው ለዚህ ነው።

ሕጉን ይቃረናል ተብሎ የሚነገር አንድ ቦታ አለ። እኔ ግን ሕጉን በጣም የሚያጸናው እሱ ይመስለኛል። ጌኒቲቭ ላይ፣ አርቲክል በሌለበት፣ ስሙ ወንዴ ወይም ግዑዝ ሲሆን ቅጽሉ «ኧስ» ሊል ይገባ ነበር። የጌኒቲቭ አርቲክል «ዴስ» ነዋ። ግን «ኧን» ይላል። «ትሮትስ ሽታርከን ሬገንስ»፣ ኃይለኛ ዝናብ ቢኖርም። ለምን? ስሙን እዩት። «ሬገን» የነበረው «ሬገንስ» ሆኗል። «ስ» ስሙ ላይ ተቀምጣለች። ምልክቱ አንዴ ታይቷልና ቅጽሉ ሊሸከመው አይገደድም። መጻሕፍቱ «ልዩ ሁኔታ፣ በቃል ያዙ» ብለው ያልፉታል። አንዴ ምክንያቱ የገባው ሰው ግን በቃል መያዝ አያስፈልገውም።

ስለ ጌኒቲቭ ካነሳን፣ «ሞቷል» ሲሉ ትሰማላችሁ። በንግግር እውነት ነው፤ ሰው «ፎን» (የ) እያለ በዳቲቭ ያልፋል። ፖስታ ሳጥን ውስጥ ግን በደህና አለ። ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ውሳኔ ግርጌው ላይ ተቃውሞ የሚቀርብበት ጊዜ ይጻፋል፦ «ኢነርሃልፕ አይነስ ሞናትስ»፣ በአንድ ወር ውስጥ። ደብዳቤውን ለማንበብ የሚቸገር ሰው ቢያንስ ይህቺን ሐረግ ይወቃት። ገንዘብም መኖሪያ ፈቃድም የሚያያዝባት ሐረግ ናት።

አማርኛ ሁሉን አይሰጠንም። ይህንንም በግልጽ መናገር ይገባል።

አንደኛ፣ የእኛ «ን» የምትወጣው ነገሩ ሲታወቅ ነው። «አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ገዛሁ» ስንል «ን» የለችም። ጀርመንኛ ግን ታወቀም አልታወቀም ተሳቢውን ይጠይቃል፦ «አይነን ግሮሰን ቲሽ»። የእኛ ሰው ከማንኛውም ቦታ ይልቅ የሚስተው እዚህ ነው። «አይን ግሮስ ቲሽ» ይላል። ስንፍና አይደለም። አማርኛው በዚህ ቦታ ዝም ስለሚል ነው። መምህሩ ይህንን ቢያውቅ ልምምዱን እዚሁ ላይ ያበዛው ነበር።

ሁለተኛ፣ ቅጽል ሲደራረብ እኛ የመጀመሪያው ይበቃናል፦ «ትልቁን ቀይ ቤት»። ጀርመንኛ ሁሉንም እኩል ያስይዛል፦ «ሚት ካልተም፣ ክላረም ቫሰር»። ፆታው ደግሞ ከቃሉ ጋር መያዝ አለበት፤ መውጫ የለውም። በ«ኡንግ»፣ በ«ሃይት»፣ በ«ካይት» የሚያልቁት ሴቴ፣ በ«ሸን» የሚያልቁት ግዑዝ መሆናቸው ትንሽ ያግዛል። የቀረውን ቃሉን ከነአርቲክሉ ማጥናት ነው።

ዳቲቭ ላይ ግን አማርኛ እጅግ ይረዳል። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ሲበርደው «ኢሽ ቢን ካልት» ማለት ይቃጣዋል። ጀርመኑ የሚለው «ሚር ኢስት ካልት» ነው። ባለቤቱ እኔ አይደለሁም፤ ብርዱ በእኔ ላይ ነው የሆነው። አማርኛ ምን ይላል? በረደኝ። «ሚር ቱት ዴር ኮፕፍ ቬ» ሲል፣ እኛ ራሴን አመመኝ። «ዳስ ጌፌልት ሚር» ሲል፣ ደስ ይለኛል። ያቺ «ኝ» ናት «ሚር»። ሌላም አለ። መጠየቅ በጀርመንኛ አኩዛቲቭ (ተሳቢ) ይወስዳል፤ መመለስ ዳቲቭ። በአማርኛስ? ጠየቅሁት፣ መለስኩለት። «ለ» የመጣችው ጀርመንኛው ዳቲቭ በሚልበት በዚያው ቦታ ነው። ሁሌ አይገጥምም፤ እኛ «ልጁን ረዳሁት» ስንል ጀርመኑ «ለልጁ» እንደማለት አድርጎ «ኢሽ ሄልፈ ዴም ኪንት» ይላል። እነዚህን የማይገጥሙትን ነጥሎ ማጥናት ከሁሉም ጋር ከመታገል ይሻላል።

ነርስ ለሚሆኑት ልጆች ደጋግሜ የማስለፋበት አንድ ምሳሌ አለ። በሽተኛ «ፓሲየንት» ነው፤ ቀጥታ ባለቤት ሲሆን «ዴር ፓሲየንት»። ይህ ስም ከባለቤትነት ሲወጣ ራሱ ላይ «ኧን» ይጨምራል። ተማሪ («ሽቱደንት»)፣ ወንድ ልጅ («ዩንገ»)፣ ጎረቤት («ናኽባር») የሚሉትም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። እንግዲህ «ዴም ፓሲየንተን» መድኃኒቱን ስጪ ከተባለ ለአንድ በሽተኛ ነው። «ዴን ፓሲየንተን» መድኃኒቱን ስጪ ከተባለ ለብዙዎቹ። ስሙ ሁለቱም ጋ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አርቲክሉ ጫፍ ላይ ያለችው «ም» እና «ን» ብቻ ናት። «ጀርመን ሆዱ ሰፊ ነው፣ ቅጥያው ቢሳሳትም ይገባዋል» የሚለውን አባባል የማልቀበለው ለዚህ ነው። ዳቦ ቤት ይገባዋል። የሕክምና መዝገብ ላይ ግን ትክክለኛው ፊደል መኖር አለበት።

የቃላት ቅደም ተከተልም ላይ ዘመዶች ነን። «ውሻው ልጁን ነከሰው» እንላለን፤ «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንልም ማን ማንን እንደነከሰ አይጠፋም። «ን» ትጠብቀናለች። ጀርመንኛም «ዴር ሁንት ባይስት ዴን ዩንገን» ብሎ፣ ገልብጦ «ዴን ዩንገን ባይስት ዴር ሁንት» ማለት ይችላል። በተለይ ጋዜጣና የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ተሳቢውን ማስቀደም ይወዳል። እንግሊዝኛ ቢገለብጠው ልጁ ውሻ ነከሰ ይሆናል። ስለዚህ አረፍተ ነገር ስታነቡ የመጀመሪያውን ስም ባለቤት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። አርቲክሉን እዩ። ምልክቱ በግልጽ የሚለየው ግን ወንዴው ላይ ነው። «ዲ ሙተር ዙኽት ዲ ቶኽተር» ቢባል ሁለቱም «ዲ» ስለሆኑ ቅደም ተከተሉ ይወስናል፤ እናት ልጇን ትፈልጋለች። አማርኛ እዚህ ላይ ከጀርመንኛ የተሻለ ያስጠነቅቃል፤ «ን» በወንድም በሴትም አትቀርምና።

ግእዝ የተማረ ሰው ደግሞ ከእኛም የቀለለ መንገድ አለው። ከማስጠናቸው መካከል ዲያቆናት አሉ። «ንጉሥ» ተሳቢ ሲሆን «ንጉሠ» እንደሚሆን ያውቃሉ። «ሐነጸ ቤተ ዐቢየ» ሲባል ስሙም ቅጽሉም አብረው እንደሚለወጡ ያውቃሉ። ቅጽሎች ሲደራረቡ ሁሉም እኩል ይይዛሉ ስላቸው አይገርማቸውም።

ይህ ከተማ ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፉርት ተወላጅ ግእዝን በወጣትነቱ አጠና። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ የመካነ ሥላሴውን የእኛን ሊቅ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ መጥተው በመስፍኑ ኤርንስት ግቢ ተቀመጡ። ሉዶልፍ አማርኛን ከእሳቸው ተማረ። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 እዚሁ ፍራንክፈርት ታተሙ። በ1704ም የሞተው እዚሁ ነው። አባ ጎርጎርዮስ መጽሐፉን አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። እኚህን አባት ሳስብ ልቤ ይነካል። አንድ ጀርመናዊ የእኛን ቅጥያ ከአንድ ኢትዮጵያዊ አፍ ለቅሞ መጽሐፍ አደረገው። በመካከላቸው እንግሊዝኛ አልነበረም። ድልድያቸው ግእዝ ነበር። በ1879ም ፍራንትስ ፕሬቶሪዩስ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ስለ አማርኛ ትልቅ የሰዋስው መጽሐፍ በጀርመንኛ አወጣ። እነሱ ወደ እኛ የመጡበት መንገድ ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እኛ ወደ እነሱ የምንሄድበት ግን እስካሁን በሌላ ሰው ግቢ በኩል ነው።

ዛሬ ጀርመንኛ ለእኛ ሰው የቅንጦት ነገር አይደለም። ለትዳር ጓደኛ ቪዛ በአብዛኛው የኤ 1 (የጀማሪ ደረጃ) ፈተና ይጠየቃል። ለሥልጠና ቢ 1 ወይም ቢ 2። አዲስ አበባ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ከ1962 ጀምሮ አለ፤ ፈተናውም በየደረጃው ይሰጣል። ፍላጎቱ እያደገ ነው። ስለዚህ ሰዋስው የሚያውቅ፣ አማርኛውንም የሚወድ ሰው የጀርመንኛ መማሪያ መጽሐፍ በአማርኛ ቢጽፍ እላለሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ «ዴር» ምንም አይናገር። «ትልቁን ቤት» እና «ይህንን ትልቅ ቤት» ይዞ ይጀምር፤ ተማሪው «ን»ን በጣቱ ይከተላት። ሁለተኛው ምዕራፍ ጉተን ታግ፣ ጉተ ናኽት፣ ሾነስ ቮኸንኤንደ ይሁን። ሦስተኛው «በረደኝ» እና «ሚር ኢስት ካልት»። «አይነን ግሮሰን ቲሽ» ላይ ከሁሉ የረዘመ ልምምድ ይቀመጥ፤ የምንሳሳተው እዚያ ነውና። 48ቱ ሳጥኖች መጨረሻ ላይ፣ ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይታተሙ፤ ተማሪው ራሱ ሞልቶ እንዲያመሳክርባቸው።